ጋሽ ፈለቀ በር ሲያንኳኩ

ጋሽ ፈለቀ የተቀበሩ ዕለት ለቅሶው ቤት ሰው ከማልቀስ ይልቅ ሲጨቃጨቅ ዋለ። ነገሩ አንድ ነው፤ ሩቅ ኤድመንተን ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ለሕሊና፣ አባቷ ገና በሕይወት እያሉ ማን ደወለላት? የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ተክሉ፣ "መክረን የቋጨነውን ነገር ማነው የፈታው? ዘመድ አጠገቧ ለሌለ ልጅ እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ ይነገራል? ጭካኔ ነው!" ይላሉ። ዙሪያቸውን የተቀመጡት "ነው፣ ነው" እያሉ ያጅቧቸዋል። እኔ ጥግ ላይ ሻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እግሬ አልቆም ብሎ ወለሉን ይደበድባል። ማን እንደደወለላት አውቃለሁ። ምላሴን ይዤ መቀመጥ ደግሞ አልፈጠረብኝም።

ግን ማን እንደደወለ ብቻ ብናገር ምን ይገባቸዋል? መጀመሪያ ጋሽ ፈለቀ በዚያ በጋ ምን እንደደረሰባቸው መነገር አለበት።

ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ በኛ ቢልዲንግ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ የሚፈራው አንድ ድምፅ ነበር፤ የጋሽ ፈለቀ ማንኳኳት። ቀን ቀን የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ ግን መርዶ ነጋሪ ናቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው ነው። ሰው ይሰበስባሉ፣ ቡናማ ባርኔጣቸውን ይደፋሉ፣ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ሳይነቃ በሩ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ለሌላ ጉዳይ ሰው ቤት ሲሄዱ፣ ገና ከኤሌቬተሩ ሲወጡ ጀምሮ ኮሪደሩን እያናጉ "በሰላም ነው! በሰላም ነው የመጣሁት!" ይላሉ። አንድ ቀን ረስተው ዝም ብለው ቢያንኳኩ፣ ጎረቤታችን በሩን ሳትከፍት እዬዬዋን አቀለጠችው። እሳቸው ለካ የሚያፈስ ቧንቧዋን ሊያዩ ነው የመጡት።

"ጋሽ ፈለቀ፣ እርስዎ እኮ ከመልአከ ሞት ጋር ሺፍት የሚቀያየሩ ነው የሚመስሉት" እላቸዋለሁ።

"አንቺ ምላሰኛ! ያንቺንም የማረዳሽ እኔው ነኝ፤ ያኔ እንተያያለን" ይሉኛል፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው።

ሕጋቸው ጥብቅ ነበር። መርዶ ማታ አይነገርም። በስልክ አይነገርም። ላልበላ ሰው፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። "መርዶ እንደ መድኃኒት ነው፤ ሰዓቱ ተጠብቆ ነው የሚሰጠው" ይሉ ነበር። ይሄን ከየት እንዳመጡት አንዴ አጫውተውኛል። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ሲሰደዱ ካርቱም ውስጥ ወረፋ ቆመው ሳለ፣ አንድ የአገራቸው ልጅ በአጠገባቸው ሲያልፍ "ፈለቀ፣ እናትህ አረፉ አይደል? ነፍስ ይማር" ብሏቸው መንገዱን ቀጠለ። ወረፋውን ሳይለቁ እዚያው ደርቀው ቀሩ። "በኔ የደረሰው በማንም አይድረስ ብዬ ነው" አሉኝ። ያን ቀን ቀልዴን ዋጥኩ።

ከሕንፃዎቹ ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለ። ሰመር ሲገባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የባንግላዴሽ ልጆች ክሪኬት ይጫወቱበታል። ጋሽ ፈለቀ ታጣፊ ወንበራቸውን ተሸክመው ይሄዱና ዳር ላይ ይቀመጣሉ፤ መቀመጥ ከተባለ። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ በማይመለከታቸው ነገር ይጮኻሉ። "ይሄ ገና ነው እኮ መቅዲ! የኛው ገና! ዱላው ጠፍጣፋ ሆነ እንጂ" ይሉኛል። እኔ ምንም አይገባኝም። አንድ ቀን ኳሱን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። በስመ አብ! ቆዳ የለበሰ ድንጋይ በሉት።

"ይሄን ነው እንዴ እርስ በርስ የሚወራወሩት? አብደዋል?"

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው ሳቁ። ልጆቹ ጣታቸውን ሲመቱ፣ ጉልበታቸው ሲያብጥ፣ ሁልጊዜ የሚሉት ይቺኑ ነበር።

የጨዋታውን ሕግ ያስተማራቸው ሪያድ ነው። ሪያድ ስምንተኛ ፎቅ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ አባቱ የሞተበት፣ ጥርሱ የማይከደን የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ጋሽ ፈለቀ ለሐበሻ ብቻ ሳይሆን በደረሱበት በር ሁሉ "በሰላም ነው" ስለሚሉ፣ የሪያድ እናት ቃሉን እንደ ሰላምታ ለምዳው ከውስጥ "በሰላም ነው! በሰላም ነው!" እያለች ነበር የምትከፍትላቸው። የማዕድ ቤቷን ቧንቧ ያበጁላታል፤ እሷ ሩዝ በሳህን ታሲዛቸዋለች። ልጁ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚቆመው ከመቺው አፍንጫ ስር ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ባዶ ራሱን። የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ሊቀልብ።

"እንደ ሊስትሮ ሰው እግር ስር ምን ያስጎነብስሃል? ያንን ሄልሜት አድርግ እንጂ!" ይሉታል በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው።

"ይሞቃል አንክል። ደግሞ እዚህ የሚቆመው ደፋር ነው።"

"ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም" ይላሉ ወደኔ ዞረው፣ ኩራት ኩራት እያላቸው፤ የወለዱት ነበር የሚመስለው።

ነገሩ የሆነ ቅዳሜ እኔ ኢቶቢኮ መጋዘን ሥራ ላይ ነበርኩ። የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ደጋግመው፣ ሳልጠይቃቸውም። መቺው የሪያድ የአክስት ልጅ ነበር። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲመታው ኳሱ የሪያድን ጆሮ ግንድ አገኘው። ሪያድ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሳቀም። "ደህና ነኝ አንክል" ብሎ የጋሽ ፈለቀ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠጣ። ቆይቶ ራሴን አመመኝ አለ፤ አስመለሰው፤ ከዚያ ሲጠሩት አልመልስ አለ። አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል፣ አይተርፍም አላቸው። ልጆቹ ተርበተበቱ። የመታው ልጅማ ግድግዳ ተደግፎ መንቀጥቀጥ ብቻ ሆነ። ለሐኪሞቹ "እናቱን እኛ እናመጣታለን" አሉና ለጋሽ ፈለቀ "አንክል፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ አንተ ንገራት" አሏቸው።

ጋሽ ፈለቀም የሚያውቁትን አደረጉ። መሽቷል። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት። ገና ከሥራ መግባቷ ነው፣ ራቷን አልበላችም። ስምንተኛ ፎቅ ወጡና ከኤሌቬተሩ ሲወርዱ እንደ ወትሯቸው "በሰላም ነው! በሰላም ነው!" አሉ። ጨዋታው ሌላ ከተማ፣ ሚሲሳጋ ነው፣ መሽቶባቸዋል፣ እዚያው ያድራሉ፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው አሏት። አመሰገነቻቸው። ሩዝም አሲዛ ሸኘቻቸው። ሳህኑን ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ አየሁት፤ አልነኩትም።

እኔን የጠሩኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። "መቅዲ፣ ጥቁር ልበሺና ነይ።"

"ጋሽ ፈለቀ፣ የኔ ነው?" አልኳቸው።

"አይደለም። የኛ ሰው አይደለም። እንግሊዝኛሽ ያስፈልገኛል።"

ሪያድ አርፎ ነበር። ከእድሩ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበን፣ ጥቁር በጥቁር ሆነን ወጣን። አሁን "በሰላም ነው" የሚል የለም። የሪያድ እናት የጸሎት ሻሿን እንደጠመጠመች ከፈተች፤ እሳቸውን ስታይ ፈገግ አለች፤ ከኋላቸው እኛን ስታይ ፈገግታዋ እዚያው ቆመ። ጋሽ ፈለቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጀመሩ፤ ሰው በዚህ ዓለም እንግዳ ነው፣ የሰጠ አምላክ ሲወስድ ምን ይባላል... እኔ እተረጉማለሁ፣ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ያ በአማርኛ ሰው የሚያባብል ነገር በእንግሊዝኛ ዝም ብሎ ዙሪያ ጥምጥም ሆነብኝ።

"ሪያድ የት ነው?" አለች።

ጋሽ ፈለቀ ቀጠሉ። እሷ ወደኔ ዞረች። "ሪያድ የት ነው?" ነገርኳት።

አልጮኸችም። እኛ የተዘጋጀነው ለጩኸት ነበር፤ ሁለት ሴቶች ሊይዟት እጃቸውን ዘርግተዋል። "መቼ?" አለች። አሁን፣ ሊነጋ ሲል አልኳት። "የተመታውስ?" ትናንት ከሰዓት አልኳት። ያን ጊዜ ጋሽ ፈለቀን አየቻቸው።

"ማታ እዚህ ስትመጣ ታውቅ ነበር?"

ይሄን መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ገብቷቸዋል። "እንድታርፍ ብዬ ነው" አሉ በአማርኛ። "አንድ ሌሊት እንኳ እንድትተኛ።"

"ልጄ በሕይወት ነበር" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። "ልጄ እየተነፈሰ አንተ ራት አስበላኸኝ። አስተኛኸኝ። እኛ ሰው ሊሞት ሲል በጆሮው የምንለው ቃል አለን። የኔ ነበር እኮ፣ እኔ ነበርኩ የምለው።" ከዚያ በሩን ዘጋችው።

ስንት ቤት ሄደናል! ስንት ሰው አቅፈናል! በር ግን ያን ቀን ተዘጋብን። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ወለል ወለሉን አየን። አንዷ ሴትዮ "ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው" ስትል ጋሽ ፈለቀ "ዝም በይ!" ብለው ጮኹባት። ሰው ላይ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ፈለቀ መቀመጫ አጡ። መርዶ ነገራ ተዉ። "በሰላም ነው" ማለትም ተዉ፤ በዚያች ቃል ዋሽተውባት እንዴት ይበሏት? ሰዉ ግን የሚያውቀው ነገር የለም፤ ቧንቧ ሊያበጁ ዝም ብለው ሲያንኳኩ ቤቱ ሁሉ ይሸበራል። የእድሩ ሽማግሌዎች የታመመ ሰው ወሬ ይዘው ሲመጡ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "ሰውየው ይተነፍሳል?" ይተነፍሳል ካሉ፣ "ታዲያ ምን እዚህ ያስቀምጣችኋል? ደውሉ! መርዶ የሞተ ሰው ወሬ ነው፤ እስትንፋስ ያለበትን ሰው መርዶ አታድርጉት!" ይላሉ። አቶ ተክሉ "ፈለቀን አንድ ነገር ነክቶታል" ብለው ማማት ጀመሩ።

ሌላም አባዜ ያዛቸው። ክሪኬት የሚያውቅ ሰው ባገኙ ቁጥር "እናንተ አገር በዚህ ጨዋታ ማን ሞተ?" ብለው ይጠይቃሉ። ወይ ጉድ! የማይመልስላቸው የለም። ፓኪስታናዊው ታክሲ ነጂ፣ ኳስ ደረቱን መቶት ሜዳው ላይ የቀረ የሰፈሩን ልጅ ነገራቸው። እኔ መሥሪያ ቤት ያለው የጉያና ዘበኛ፣ ወደ ላይ የተለጋውን ኳስ ሊቀልቡ ሁለት ሰዎች ሲሮጡ ተጋጭተው አንዱ እንዳልተነሳ ነገራቸው። የስሪላንካው ፍራፍሬ ሻጭ ደግሞ የሞተው ዳኛው ነበር አላቸው፤ ቆሞ ሲያጫውት። የሰሙትን ሁሉ ለኔ ያራግፉታል፤ እኔ ከሺፍት ወጥቼ እግሬ አብጦ።

"ጋሽ ፈለቀ፣ ይተዉት በቃ! የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም!"

"እነሱ ስማቸውን ያውቃሉ መቅዲ። ሁሉም የሞተባቸውን ልጅ ስም ያውቃሉ" አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ያኔ አልገባኝም፤ የሪያድ ስም እንዳይጠፋ ነበር የሚሯሯጡት።

ሜዳውንም አልተዉም። ሁለት አሮጌ ሄልሜት ከየትም አምጥተው በፌስታል ይዘው ይሄዳሉ። ባዶ ራሱን መቺው ስር ጎንበስ ያለ ልጅ ካዩ ጨዋታው መሀል ገብተው ይገተራሉ። ዳኛው ይቆጣል። እሳቸው በአማርኛ "አልወጣም! ይልበስ!" ይላሉ። መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ "አንክል ሄልሜት" ብለው ስም አወጡላቸው። በኋላ ግን ገና ሲመጡ ሲያዩአቸው መልበስ ጀመሩ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለውን ከአፋቸው ዳግመኛ አልሰማሁም።

ስምንተኛ ፎቅም ይወጣሉ። እዚያች በር ፊት ይቆማሉ፤ መጥራት አይችሉ፣ ማንኳኳት አይችሉ፤ ተመልሰው ይወርዳሉ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አንጀቴን በሉት።

በረዶ ሊጀምር ሲል ከሩቅ አገር አንድ ዜና መጣ። ስሙ የታወቀ ወጣት ተጫዋች፣ ሄልሜት አድርጎ እያለ፣ ኳሱ ያልተሸፈነ አንገቱን መቶት ሞተ። ዓለም ሁሉ አለቀሰለት፤ ክሪኬት የሚወድ ሰው ሁሉ መምቻ ዱላውን በሩ ላይ አቆመለት። ጋሽ ፈለቀ ደወሉልኝ፤ "ነይ፣ ነይ እዪ።" በኛ ቢልዲንግ ፎቅ በፎቅ ዞርን። እዚህ በር ዱላ፣ እዚያ በር ዱላ። ስምንተኛ ፎቅ ስንደርስ የሪያድ በር ላይም ቆሟል፤ መጨበጫው በሰማያዊ ፕላስተር የተጠቀለለው የራሱ ዱላ ነው። ጋሽ ፈለቀ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንደቆሙ በሩ ተከፈተ።

ሴትዮዋ ከስታለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "የዚያ ልጅ እናት ደርሳለች?" አለቻቸው።

"አላውቅም" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሰውዬው እብድ ሆኑ ማለት ይቻላል። ታክሲ ነጂውን፣ ዘበኛውን፣ ፍራፍሬ ሻጩን፣ በዳንፎርዝ መንገድ ያለውን የባንግላዴሽ ሱቅ ሁሉ "እናቱ ደርሳ ነበር?" እያሉ አስጨነቁ። በመጨረሻ መልሱን አገኙት። እኔን አስከትለው ወጡ፤ ዛሬ አንኳኩ።

"ነበረች" አሏት በራሳቸው እንግሊዝኛ። "እናቱ እዚያው ነበረች።"

"ደግ" አለች። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችውና ገቡ። እኔ ተመለስኩ። እሳቸው ደህና እንግሊዝኛ የላቸው፣ እሷ አማርኛ የላት፣ ምን እንዳወሩ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቧንቧዋን ማበጀት ቀጠሉ፤ የሩዙም ሳህን መመላለስ ጀመረ። "ይቅር አለችዎት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አልጠየቅኳትም። ይሄ የሚጠየቅ ነገር አይደለም" አሉኝና ወሬ ቀየሩ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ፈለቀ የሕንፃው ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ፤ ዶክተሮቹም ብዙ አይቆዩም አሉ። እነ አቶ ተክሉ ወዲያው ተሰበሰቡ። ሕሊና ብቻዋን ናት፤ ኤድመንተን ያሉ ካህን ከነገ ወዲያ ጠዋት ሰው ይዘው ይሂዱላት፤ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። "እንዴ! እሳቸው ራሳቸው እኮ..." ብዬ ብነሳ፣ "አንቺ ተይ፣ የትልልቅ ሰው ነገር ነው" አሉኝ። ቆሽቴ እያረረ ወጣሁ።

ኤሌቬተር ውስጥ የሪያድን እናት አገኘኋት። ጋሽ ፈለቀ መታመማቸውን ነገርኳት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ "ልጁ ታውቃለች?"

"አታውቅም። በኛ ልማድ ሰው ብቻውን ሲሆን..."

እጇን አንስታ አቋረጠችኝ። ስልኳን አወጣች። የሕሊና ቁጥር አላት! "ራሱ ነው የሰጠኝ። 'ወገኖቼ ይደብቋታል፤ አንቺ አትደብቂም' ብሎኛል" አለችኝ። ታች ስንደርስ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ እፊቴ ደወለች። "ሕሊና፣ የአባትሽ ጎረቤት ነኝ። አባትሽ ይተነፍሳል። ነገ ላይተነፍስ ይችላል። በጆሮው የምትዪው ካለሽ አሁን ነይ" አለቻትና ዘጋች። ከዚያ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እኔም አጠገቧ።

ሕሊና በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሻንጣዋን እየጎተተች ሆስፒታል ደረሰች። ጋሽ ፈለቀ ዓይናቸውን ገልጠው አወቋት። መናገር አልቻሉም። ጎንበስ ብላ በጆሮአቸው ብዙ ነገረቻቸው፤ ምን እንዳለቻቸው ማንም አልሰማም። እስኪመሽ እጇን ይዘው ነበር።

እንግዲህ ለቅሶው ቤት እግሬ ወለሉን ሲደበድብ የነበረው ለዚህ ነው። አቶ ተክሉ "ይሄን ያደረገ ሰው ይጠየቅ!" ሲሉ አልቻልኩም፤ ሻዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። አፌን ከመክፈቴ ግን ከኮሪደሩ፣ ከኤሌቬተሩ በኩል፣ የሴት ድምፅ መጣ፤ በኮልታፋ አማርኛ፣ ጮክ ብሎ።

"በሰላም ነው! በሰላም ነው!"

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ያንን ቃል በዚያ ኮሪደር ስንት ዓመት አልሰማነውም። የሪያድ እናት በጥቁር ሻሿ፣ የሩዝ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሕሊና ከፍራሹ ተነስታ እየሮጠች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ወደኛ ዞራ "የደወለችልኝ እሷ ናት" አለች። አቶ ተክሉ ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላት።

ያን ቤት ለቅሶ የያዘው ያኔ ነው።